ቀኑን ሳይሆን ሰዓቱን ንገሩን

ጽሑፉ ረዘም ይላል። ውሃ ከመጣች ጀሪካን እየሞላችሁ አንብቡት፤ ካልመጣችም ያው እየጠበቃችሁ።

አንድ ነገር ላስቀድም። እኔ አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ በፈረቃ መሆኗን የምቃወም ሰው አይደለሁም። ያለው ትንሽ ከሆነ መካፈል ግድ ነው፣ ሌላ መላ የለውም። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነገር ነው። ፈረቃ ማለት ተራ ማለት ነው አይደል? ተራህ መቼ እንደሚደርስ ካላወቅክ ግን እሱ ተራ ሳይሆን ዕጣ ነው። "የእናንተ ማክሰኞና ዓርብ ነው" እንባላለን። እሺ፣ ማክሰኞ ግን 24 ሰዓት አለው እኮ! ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ቧንቧው ማፏጨት ይጀምራል። መጀመሪያ አየር ይተነፍሳል፣ ቀጥሎ ቡናማ ነገር ይተፋል፣ ጠርቶ መውረድ ሲጀምር 9 ሰዓት ሆኗል፣ 11 ሰዓት ላይ ሄደች። ሌላ ሳምንት ደግሞ ማክሰኞ ጭራሽ ትቀርና ረቡዕ ረፋድ ላይ፣ ሰው ሁሉ ሥራ ከወጣ በኋላ፣ ሳይዘጋ በተረሳ ቧንቧ መጥታ የታችኛውን ጎረቤት ኮርኒስ ታበሰብሳለች።

ስለዚህ ፈረቃው የወሰደብን ውሃ ብቻ አይደለም፣ ጊዜም ነው። የማንን ጊዜ እንደሆነ ደግሞ ልንገራችሁ፤ ክፍል ውስጥ ቆሜ በየቀኑ አየዋለሁና።

የፊዚክስ አስተማሪ መሆኔን የማያውቅ ካለ ይወቅልኝ። አንደኛ ፔሬድ ላይ ዘግይተው ከሚገቡት፣ ገብተውም ዴስኩ ላይ ጭንቅላታቸውን ከሚያስደግፉት ተማሪዎች ሴቶቹ ይበዛሉ። ስትጠይቃቸው መልሱ አጭር ነው፤ "ቲቸር፣ ሌሊት ውሃ መጥታ ነው።" አንዷ ልጅ ቤታቸው ውስጥ ውሃ የሚጠብቅ ተረኛ እንዳለ ነገረችኝ። ተረኛዋ ማን ናት? እሷ። ወንድምሽስ አልኳት። "እሱማ ፈተና አለበት።" ስንተኛ ክፍል ነው? "12ኛ፣ ሌላ ሴክሽን።" እንዴ! እሷም እኮ 12ኛ ናት! ያንኑ ፈተና ነው የምትፈተነው! እሷ ግን ነገሩ የሚያስገርም ሆኖ አልታያትም፤ ይልቅ የእኔ መደንገጥ ነው ያስገረማት።

ቤት ውስጥ ሴት ልጅ ከሌለች ተረኛዋ የቤት ሠራተኛዋ ናት፣ እሷም ከሌለች እናት። የእኛ ብሎክ ላይ ደግሞ ልጆቻቸው ዓረብ አገር የሚሠሩላቸው አንድ እናት አሉ። ገንዘቡ በየወሩ ይመጣል፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ጀሪካኑን ግን ከዱባይ ሆኖ ወደ 4ኛ ፎቅ የሚያወጣ ልጅ የለም። ለተሸካሚ ይከፍላሉ። ተሸካሚ ደግሞ በሌሊት አይገኝም፤ ቀን ላይ ደግሞ ውሃዋ የለችም።

አሁን ትንሽ ሒሳብ እንሥራ፣ እንዳትሸሹ። አምስት ሰው ያለበት ቤት ውስጥ ለአንድ ሰው በቀን 20 ሊትር ብቻ እንመድብ። ይኸ ለመጠጥ፣ ለምግብና ለመተጣጠብ ነው፣ ልብስ ማጠብ የለበትም። (ከ1 ሚሊዮን በላይ ነዋሪ ላላቸው ከተሞች ሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ያስቀመጠው 100 ሊትር እንደነበር እያስታወስን።) በቀን 100 ሊትር፣ ለሦስት ቀን 300 ሊትር፣ ማለትም 15 ጀሪካን። አንዱ ሞልቶ 20 ኪሎ ይመዝናል። ውሃዋ እላይ አልደርስ ብላ ግቢ ውስጥ ካለው ቧንቧ ትቀዳለች እንበል። 4ኛ ፎቅ 12 ሜትር ገደማ ነው፣ ደረጃው ቢቆጠር 70 አካባቢ። 15 ጊዜ ሲመላለሱ ከ1,000 በላይ ደረጃ ሽቅብ፣ ያንኑ ያህል ቁልቁል። በሌሊት። መብራት ከሌለም ስልክ በጥርስ ተነክሶ። ከዚያ በኋላ ነው እንግዲህ እኔ ፊቷ ቆሜ "ሥራ ማለት ኃይል ሲባዛ በርቀት ነው" የምላት። የማታውቀው ይመስል!

ለምንድን ነው ግን 4ኛ ፎቅ የማትደርሰው? እዚህ ላይ ብዙ ሰው "ሆን ብለው ነው" ይላል። አይደለም። ውሃን 10 ሜትር ወደ ላይ ለመግፋት 1 ባር ገደማ ግፊት ያስፈልጋል። ሦስት አራት ቀን የጠበቀ ሰፈር በሙሉ በአንዴ ቧንቧውን ሲከፍት መስመሩ ውስጥ ያለው ግፊት ይወርዳል። ዝቅ ያለው ቤት ይሞላል፣ ከፍ ያለው ያፏጫል። ተፈጥሮ ነው፣ ጥፋተኛ የለበትም።

ዲናሞ ግን ተፈጥሮ አይደለም። ከመሬት ሮቶው ላይ ወደ ጣሪያው ሮቶ በዲናሞ የሚገፋ ሰው ማንንም አልጎዳም፣ የራሱን ውሃ ነው የሚያወጣው። ችግሩ ዲናሞውን በቀጥታ ከመንገዱ መስመር ላይ ገጥሞ የሚስበው ነው። እሱ የሚጠጣው የጎረቤቱን ግፊት ነው። ሌላም አለ፤ የተቦጨቀ ወይም መገጣጠሚያው የላላ ቱቦ ውሃ ሞልቶት ሲሄድ ወደ ውጭ ነው የሚያፈሰው። ዲናሞ ሲስበው ግን ውጭ ያለውን ወደ ውስጥ ያስገባል። ውጭ ያለው ደግሞ በየሰፈሩ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ቱቦው ፍሳሽ ቦይ ውስጥ ተጋድሞ የሚሄድበት ስንት ቦታ አለ። በ2008 አተት ከተማው ውስጥ የገባ ጊዜ እጃችንን እንድንታጠብ ተመክረን ነበር፣ ትክክለኛ ምክርም ነው። በምን እንደምንታጠብ ግን ያው ፈረቃችንን ጠብቀን ነው። "ቲቸር ቀናህ እንዴ" የሚለኝ ዲናሞ ያለው ወዳጅ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። አዎ፣ ትንሽ ቀንቻለሁ። የጻፍኩት ግን እውነት ነው።

"ሮቶ ግዛና ተገላገል" የሚል ምክርም በብዛት ይሰጠኛል። እስቲ እንየው። 2,000 ሊትር ሮቶ ማለት 100 ጀሪካን ነው። ባለቤቱ ተኝቶ እያለ ራሱ ሞልቶ ራሱ ይዘጋል። ያችው ሦስት ሰዓት ለእሱ ሳምንት ሙሉ የሚበቃ ውሃ ናት፣ ጀሪካን ብቻ ላለው ደግሞ የአንድ ሌሊት ግብግብ። ወረቀቱ ላይ ሁለቱም እኩል ፈረቃ አላቸው። ተከራይ የት ያስቀምጠው? በአንዲት ክፍል ውስጥ አልጋውን አውጥቶ? ኮንዶሚኒየም ውስጥ ደግሞ በረንዳ ላይ ትልቅ ሮቶ የሰቀላችሁ ሰዎች እባካችሁ፣ 1,000 ሊትር ውሃ 1 ቶን ነው። በረንዳው ልብስ ለማስጣትና ቡና ለመጠጣት ነው የተሠራው። ሲቪል ኢንጂነር የሆናችሁ ልጆቼ ኮመንት ላይ ብታስረዱልኝ ደስ ይለኛል፣ እኔ ስናገር "አስተማሪ ደግሞ ምን ያውቃል" ይሉኛል።

በዚያ ላይ በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀሙ ግቢዎች አሉ። ታሪፉ ብዙ ለተጠቀመ እየጨመረ የሚሄድ ነው፣ ሐሳቡም ጥሩ ነው፤ አባካኙ ይክፈል ነው። ነገር ግን ስምንት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ ሲቀዳ ቆጣሪው የሚያየው አንድ አባካኝ ቤተሰብ ነው። ስለዚህ በጀሪካን የሚኖረው ሰው በሀብታም ታሪፍ ይከፍላል። ውሃዋ ስትጠፋም የመጀመሪያው ከጋሪ ገዢ እሱ ነው። አንድ ሜትር ኩብ 50 ጀሪካን መሆኑን ልንገራችሁና የቆጣሪውንና የጋሪውን ዋጋ ልዩነት ራሳችሁ አስሉት፣ እኔ የደም ግፊት አልፈልግም።

ፍትሐዊ ልሁን፤ እጥረቱ የእውነት ነው። የአዲስ አበባ ውሃ ከየት ነው የሚመጣው ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ከምዕራብ በኩል ዕድሜ ጠገቡ ገፈርሳ አለ፣ ከምሥራቅ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተሠራው ለገዳዲና በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተጨመረው ድሬ ግድብ፣ ከደቡብ ደግሞ የአቃቂ ጉድጓዶች። በ1976ቱ ቆጠራ ከተማዋ 1.4 ሚሊዮን ያህል ሰው ነበራት፣ በ1999ኙ 2.7 ሚሊዮን። ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ አልተካሄደም፤ ከተማዋ ግን ቆጠራ አትጠብቅም። የለገዳዲ ውሃ ከፍ ካለ ቦታ ስለሚመጣ በአብዛኛው በራሱ ክብደት ይወርዳል። አቃቂ ደግሞ ከከተማዋ ዝቅተኛ ቦታዎች አንዱ ነው፤ ከዚያ ወደ ላይ የሚመጣው በኤሌክትሪክ እየተገፋ ነው። ስለዚህ መብራት በጠፋ ቁጥር ውሃዋም ትከተላለች። ቱቦ ይፈነዳል፣ መንገድ የሚቆፍር ማሽን ይቆርጠዋል። ይኸ ሁሉ ይገባኛል፣ በሌሊት ጭቃ ውስጥ ገብተው ቱቦ የሚጠግኑትን ሠራተኞችም አመሰግናለሁ።

"እንግዲያው ሰዓቱን ቆርጦ መናገር እንደማይቻል ገብቶሃላ" ትሉኝ ይሆናል። አልገባኝም። ውሃዋን ወደ እኛ መስመር የሚለቅ ሰው አለ። ቫልቩን በእጁ የሚያዞር ሰው። እሱ ሲያዞረው ስንት ሰዓት እንደሆነ ያውቃል። መብራት ጠፍቶ ዛሬ እንደማይለቅም ያውቃል። እሱ የሚያውቀውን እኔ የማላውቀው ለምንድን ነው? ባንክ ከሒሳቤ 5 ብር ሲቆርጥ ወዲያው በስልኬ ይነግረኛል። "የዛሬው ፈረቃ ወደ ነገ ጠዋት ተዛውሯል" የሚል አንድ መስመር ቴክስት ግድብ መሥራት አይጠይቅም፣ የውጭ ምንዛሪ አይፈልግም። ያቺ 12ኛ ክፍል ያለች ልጅ ግን በዚያች አንድ መስመር ሌሊቱን ሙሉ ትተኛለች። የውሃው መጠን አንድ ጠብታ ሳይጨምር!

ከቻሉ ደግሞ ለቀጣዩ ወር ሌሊት የነበረውን ሰፈር ወደ ቀን፣ ቀን የነበረውን ወደ ሌሊት ያዛውሩ። ሁልጊዜ አንድ ሰፈር ብቻ ለምን ያነጋል? ትምህርት ቤቶችን ግን ከዚህ አውጧቸው፤ የሴቶች መጸዳጃ ቤት ደርቆ በዋለ ቀን ከዕረፍት በኋላ ማን ወደ ክፍል እንደማይመለስ ለማወቅ ስም መጥራት ብቻ ይበቃል።

እስከዚያው እኛ ብሎክ ላይ ምን እንዳደረግን ልንገራችሁና ልጨርስ። የቴሌግራም ግሩፕ ከፈትን። ምድር ቤት ያሉት መጀመሪያ ስለሚያዩዋት "መጣች" ብለው ይጽፋሉ፣ ስልክ ለሌላቸው ደግሞ በር ያንኳኳሉ። የመጀመሪያውን አንድ ሰዓት ከመስመር የሚስብ ዲናሞ እንዳይነሣ ተስማማን፤ ሁለት ሰዎች አኩርፈዋል፣ ይመለሳሉ። ለእኚያ እናት ጀሪካን የሚያወጣ ተረኛ አለ፣ ተረኛ የሚሆኑት ወንዶቹ ወጣቶች ናቸው፤ ይኸ ድርድር የለበትም ብያለሁ፣ ፊዚክስ ማርክ የምሰጣቸውም አሉበት። (ቀልዴን ነው፣ ወላጆች እንዳትደውሉ።) የምትቀመጥ ውሃ ላይ ክዳን አይጠፋም፣ የመቅጃው ጆግ ለብቻው ነው፣ ለመጠጥ የሚሆነው በውሃ አጋር ይታከማል ወይ ይፈላል። የክሎሪን ኃይል ሲቀመጥ እየቀነሰ ስለሚሄድ ውሃዋ የቧንቧ ናት ብሎ ሳምንት ሙሉ መተማመን አይቻልም።

አሁን የቤት ሥራ። ኮመንት ላይ ይኼን ጻፉልኝ፦ ሰፈራችሁን፣ ስንተኛ ፎቅ እንደሆናችሁ፣ የተነገራችሁን ቀን፣ በትክክል የመጣችበትንና የሄደችበትን ሰዓት። ስድብ አልቀበልም፣ ፖለቲካም አልቀበልም፣ ሰዓት ብቻ። ለአንድ ወር ሰብስቤ ሠንጠረዥ አድርጌ፣ ፈረቃውን የሚያወጡት ሰዎች ቢሮ ራሴ ይዤ እሄዳለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ክፍል የለኝም።