ልጅን በሰው ፊት መናገር ስለ ማስተማር

«ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ይላል የአገራችን ሰው። ይህ ቃል እውነት መሆኑን እኔ በፍርድ ቤት ጸሐፊነቴ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ከዕለታት አንድ ቀን አባቱ የሞተበት ጐልማሳ ስለ ቡና ማሳ ድንበር ሊከራከር ቀረበ። ማመልከቻውን በገዛ እጁ አሳምሮ ጽፎት ነበር፤ ነገር ግን ዳኛው «እስቲ ተናገር» ባሉት ጊዜ ጕልበቱ ተንቀጠቀጠ፣ አንደበቱም ተያዘ። ባላጋራው ግን አንደበተ ርቱዕ ነበርና ነገሩን እንደ ወደደ ተረከው። ዳኛው ታግሠው ቀጠሮ ባይሰጡት ኖሮ እውነት በእጁ ሳለች ማሳውን ባጣ ነበር። ያን ዕለት ወደ ቤቴ ስመለስ «የእኔስ ልጆች መናገር ይችሉ ይሆን?» ብዬ ራሴን ጠየቅሁ።

አባቶቻችን በበላ ልበልሃ ሙግት ሲከራከሩ ልጆች ከዳር ቆመው እየሰሙ ይማሩ ነበር። በቅኔ ቤትም ተማሪው ሁለት ቤት ያላትን ጉባኤ ቃና ቈጥሮ በመምህሩ ፊት በቃሉ ይነግራል፤ መምህሩም ያርመዋል። የኦሮሞ ሽማግሌዎችም በጨፌ ሲሰበሰቡ በምርቃት ይጀምራሉ፤ ነገሩንም በምሳሌ ያስረዳሉ። እንግዲህ ይህ ትምህርት ለእኛ እንግዳ አይደለም።

ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት በቆሙ ጊዜ የኢጣልያ ጋዜጠኞች በፉጨት አወኳቸው። እርሳቸው ግን ሁከቱ ጸጥ እስኪል ታግሠው በአማርኛ ተናገሩ። በዚያን ጊዜ የእኛ ጎሬ ገና በጠላት እጅ አልወደቀችም ነበር። ማኅበሩ ባይረዳንም ቃላቸው እስከ ዛሬ ምስክር ሆኖ ይኖራል።

በቤት እንዲህ ማድረግ ይቻላል። ልጁ ከልቡ የሚወደውን አንድ ነገር ይምረጥ፤ ለምሳሌ በ2002 ዓ.ም. ዩኔስኮ የመዘገበው የያዮ የቡና ደን ስለምን ሊጠበቅ እንደሚገባ። መጀመሪያ የሚፈልገውን በአንድ ዐረፍተ ነገር ይጻፍ። ቀጥሎ ሁለት ወይም ሦስት ምክንያት ያቅርብ፤ ለእያንዳንዱም በዐይኑ ያየውን ማስረጃ ይጨምር። ከዚያም «ታዲያ እንጨት የሚሸጠው ድኻ ምን ይብላ?» ለሚለው መልስ ያዘጋጅ፤ የባላጋራውን ቃል ያልሰማ ተሟጋች አይረታምና። በመጨረሻ ሰሚው ምን እንዲያደርግ እንደሚለምን ይናገር።

በመቱና በአካባቢዋ ከተሞች ብዙው ሕፃን አፉን የሚፈታው በኦሮምኛ ነውና አስቀድሞ በዚያው ይናገር፤ አማርኛውን በኋላ ያስከትል። ወረቀቱን ከማንበብ ይልቅ ዋና ዋናውን ቃል ብቻ ይዞ ይቁም። መጀመሪያ ለእናቱ፣ ቀጥሎ ከቡና በኋላ ለቤተሰቡ፣ ከዚያም ለጎረቤት ይናገር። ሲሳሳት ማንም አይሣቅበት፤ አንድ ጊዜ የተሣቀበት ልጅ ብዙ ዘመን ዝም ይላልና። አስቀድመን መልካሙን እናመስግን፤ ከጉድለቱም አንዱን ብቻ እናርም።

ከሁሉ በላይ ግን ሐሰትን እንዳያሳምር እናስጠንቅቀው። አንደበት የተሰጠን እውነትን እንድናቆምበት ነው። እኔም ዛሬ ማታ ታናሽ ልጄን እሰማለሁ፤ እናንተም የእናንተን ስሙ።