የወደቀው ድሮን የማን ነው? በትናንሽ ድሮኖች ላይ ስለሚጻፍ የባለቤት መለያና አድራሻ

ካሜራ የተገጠመላቸው ትናንሽ ሰው አልባ አውሮፕላኖች፣ በተለምዶ ድሮን የሚባሉት፣ ለሠርግ ቀረጻ፣ ለጉብኝትና ለመዝናኛ የሚያገለግሉ ዕቃዎች ከሆኑ ዓመታት ተቆጥረዋል። ዕቃው ከእጅ ስልክ ወይም ከቦርሳ የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው፤ የሚጠፋው ባለቤቱ ባልረገጠው ቦታ ነው። ነፋስ ይወስደዋል፣ ባትሪው ያልቅበታል፣ የመቆጣጠሪያው ምልክት በገደል ወይም በሕንፃ ይጋረድበታል፣ አንዳንዴም ጭልፊት ይመታዋል። ከዚያ በኋላ የሚገኘው በማይታወቅ ሰው ጣሪያ፣ ማሳ ወይም ግቢ ውስጥ ነው። ያገኘው ሰው ሊመልሰው ቢፈልግ እንኳ በዕቃው ላይ የሚነበብ ነገር ከሌለ ለማን እንደሚመልስ አያውቅም።

በርካታ አገሮች ባለቤቱን የሚያመለክት ጽሑፍ በድሮኑ አካል ላይ እንዲኖር በሕግ ያስገድዳሉ። ከእነዚህም መካከል ብዙ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባቸው አሜሪካ፣ ብሪታንያና የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ይገኙበታል። ሕጉ የሚያዘውን ቁጥር የለጠፈ ባለቤት፣ ዕቃው ቢጠፋ የሚመለስበትን መንገድ ጭምር ያመቻቸ ሊመስለው ይችላል። ሆኖም ቁጥሩ የታሰበው በዋናነት ለተቆጣጣሪው አካል እንጂ ዕቃውን ላገኘው መንገደኛ አይደለም።

የአሜሪካን አሠራር ብንመለከት ይህ በግልጽ ይታያል። የአገሪቱ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር የመዝናኛ ድሮኖችን መመዝገብ የጀመረው እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2015 ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ፍርድ ቤት ምዝገባው በመዝናኛ አብራሪዎች ላይ ተፈጻሚ እንዳይሆን ቢወስንም፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ በወጣ ሕግ ተመልሶ ጸንቷል። ክፍያው 5 ዶላር ሲሆን ምዝገባው ለ3 ዓመት ያገለግላል። ለመዝናኛ የሚያበር ሰው የሚሰጠው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ አምስት ድሮን ቢኖረው በአምስቱም ላይ ያንኑ ቁጥር ይጽፋል። በማይለቅ ቀለም ሊጻፍ፣ ሊለጠፍ ወይም ሊቀረጽ ይችላል፤ የሚጠበቅበት በየበረራው ከዕቃው ጋር መሆኑና መነበቡ ነው።

ቁጥሩ የሚጻፍበት ቦታ ራሱን የቻለ ታሪክ አለው። ቀደም ሲል በባትሪው ማስቀመጫ ውስጥ መጻፍ ይቻል ነበር። ከፌብሩዋሪ 25 ቀን 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግን በውጭው አካል ላይ እንዲታይ ተደንግጓል። ለውጡን ያስከተለው የጠፋ ዕቃን የመመለስ ጉዳይ ሳይሆን የሕግ አስከባሪዎች ያነሡት ስጋት ነበር፤ በድሮኑ ውስጥ ፈንጂ ቢደበቅ ቁጥሩን ለማንበብ ክዳኑን የሚከፍተው ሰው ይጎዳል። ብሪታንያ በአንጻሩ የባለቤቱ መለያ ያለ መሣሪያ በቀላሉ በሚከፈት ክፍል ውስጥ እንዲሆን ትፈቅዳለች፤ የፊደሎቹ ቁመት ግን ከ3 ሚሊ ሜትር መብለጥ አለበት። ጀርመን ደግሞ እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2017 ጀምሮ የባለቤቱ ስምና አድራሻ እሳት በማይበላው ሰሌዳ ላይ እንዲጻፍ አዝዛ ነበር። የሊቲየም ባትሪ በግጭት ሊቀጣጠል ስለሚችል የወረቀት መለያ ከዕቃው ጋር አብሮ መንደዱ አይቀርም። ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ የአውሮፓ ኅብረት የጋራ ደንብ ተፈጻሚ በመሆኑ በድሮኑ ላይ የሚፈለገው የምዝገባ ቁጥር ሆኗል። የባለቤቱን ግላዊ መረጃ ከመጠበቅ አንጻር ይህ የተሻለ ነው። ዕቃውን ላገኘው ሰው ግን የቀድሞው የጀርመን ሰሌዳ ይበልጥ ይጠቅመው እንደነበር አያጠያይቅም፤ በቁጥር ብቻ ባለቤቱን ሊያገኝ አይችልምና።

ቴክኖሎጂም ክፍተቱን አልሞላውም። በአሜሪካ መመዝገብ ያለባቸው ድሮኖች በበረራ ላይ ሳሉ መለያቸውንና ያሉበትን ቦታ በሬዲዮ እንዲያሠራጩ የሚያስገድደው ደንብ አብራሪዎችን ከሴፕቴምበር 16 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይመለከታል። መለያውን ከባለቤቱ ስም ጋር ማገናኘት የሚችሉት ግን ሥልጣን የተሰጣቸው አካላት ናቸው። ባትሪው አልቆ ቁጥቋጦ ውስጥ የወደቀ ድሮን ደግሞ ምንም አያሠራጭም። በዚያን ጊዜ የሚቀረው በአካሉ ላይ የተጻፈው ብቻ ነው።

ከዚህም በላይ ጨርሶ ቁጥር የሌላቸው አሉ። በአሜሪካ ለመዝናኛ ብቻ የሚበር ከ250 ግራም በታች የሆነ ድሮን መመዝገብ አይጠበቅበትም። አምራቾችም ይህን ወሰን በሚገባ አስልተውታል፤ ዲጄአይ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2019 ለገበያ ያቀረበው ትንሽ ድሮን 249 ግራም ይመዝን ነበር። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ ግን እንዲህ ያለው ድሮን ካሜራ ካለውና መጫወቻ ካልሆነ ባለቤቱ ይመዘገባል። ነፋስ በቀላሉ የሚወስደው ቀላሉ ድሮን ሆኖ ሳለ፣ ያለ መለያ ሊበር የሚችለውም እሱው መሆኑ ሊታሰብበት የሚገባ ነው።

በውጭ የሚኖሩ ወገኖች ለጥምቀት፣ ለሠርግ ወይም ለጉብኝት ወደ አገር ቤት ሲመጡ ድሮን ይዘው ለመግባት ቢያስቡ፣ ከጉዞው በፊት ከኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ፈቃድ ማግኘት ይኖርባቸዋል። ያለ ፈቃድ የመጣ ድሮን በጉምሩክ ይያዛል። በውጭ አገር የተሰጠ የምዝገባ ቁጥር ይህንን ፈቃድ አይተካም፤ በድሮኑ ላይ የተለጠፈ ስምና ስልክም እንዲሁ። ፈቃድ አግኝቶ የገባ ድሮን ላሊበላ አካባቢ ገደል ቢገባ ደግሞ፣ በላዩ ላይ ያለው የአሜሪካ ቁጥር ለላስታ ገበሬ የሚነግረው ነገር የለም። የደጋው ቀጭን አየር ድሮኑን ለማንሳት ተጨማሪ ኃይል ስለሚጠይቅ፣ በዝቅተኛ ቦታ የለመደ አብራሪ ባትሪው ካሰበው ቀድሞ ሊያልቅበት ይችላል። በአገራችን ድሮን የሚለው ቃል ለብዙዎች ከጦር መሣሪያ ጋር ተያይዞ የሚሰማ መሆኑም መዘንጋት የለበትም። ማንነቱ ያልታወቀ በራሪ ዕቃ በመንደር መሐል ሲወድቅ የሚያሳድረው ድንጋጤ ከዕቃው ዋጋ በላይ ነው፤ በአማርኛ ወይም በአካባቢው ቋንቋ የተጻፈ ስልክ ቁጥር ይህንን ድንጋጤ በእጅጉ ያቃልላል።

ባለቤቱ ሕጉ የሚጠይቀውን ቁጥር በተጠየቀበት ቦታ ከጻፈ በኋላ፣ በተጨማሪ ሊጽፈው የሚገባው ጥቂት ነው። «ካገኙት እባክዎ ይደውሉ» የሚል ቃልና በአገር ውስጥ የሚሠራ ስልክ ቁጥር ይበቃል። ለጉብኝት የመጣ ሰው የራሱን የውጭ አገር ቁጥር ብቻ ከሚጽፍ የዘመድ ቁጥር ፈቃዱን ጠይቆ ቢጨምር ይመረጣል፤ ገጠር ያለ ሰው ወደ ውጭ አገር ይደውላል ብሎ መጠበቅ አይገባም። ቁጥሩ ከውጭ ለሚደውልም እንዲያገለግል በ251 መጀመር አለበት። የቤት አድራሻ መጻፍ አያስፈልግም፤ ውድ ዕቃ ያለበትን ቤት ለማያውቁት ሰው ማመልከት ይሆናል። መለያው ክንፎቹ ላይ ከተለጠፈ ሚዛናቸውን ያዛባል፤ የአየር ማስገቢያ ቀዳዳዎችንና አነፍናፊዎችንም መሸፈን የለበትም። ክንፍና እግር በግጭት የሚለያዩ ክፍሎች በመሆናቸው ዋናው አካል ይሻላል። ስልክ ቁጥሩን በወረቀት ጽፎ ፎቶ በማንሳት በማስታወሻ ካርዱ ውስጥ ማስቀመጥም ይቻላል፤ ሆኖም ካርዱን የሚከፍተው ማንበቢያ መሣሪያ ያለው ሰው ብቻ ነውና የውጭውን ጽሑፍ አይተካም።

የወደቀ ድሮን ያገኘ ሰው መለያውን ሳይነካ ማንበብ ከቻለ ይደውል፤ መለያ ከሌለው ወይም ካጠራጠረው ሳይነካው በአቅራቢያው ላለ ፖሊስ ያሳውቅ። ባትሪው ካበጠ፣ ካጨሰ ወይም ከተሰነጠቀ ሕፃናትን ማራቅ ይገባል፤ ለመሞከር ተብሎ ኃይል መሙላት እሳት ሊያስነሣ ይችላል።

ድሮኑ ሲሸጥ ወይም በስጦታ ሲሰጥ የቀድሞው ባለቤት ቁጥርና ስልክ መነሣት አለበት። በአሜሪካው ዓይነት አሠራር ቁጥሩ የሰውየው በመሆኑ፣ ሳይነሣ ከቀረ አዲሱ ገዢ ለሚያደርሰው ጉዳት በመጀመሪያ የሚጠየቀው የሸጠው ሰው ነው።