ረጅሙን ቃል ለእንግሊዝኛ መምህሩ ብቻ አንተውለት

ዘጠነኛ ክፍል ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ሳይንስን እስከ ስምንተኛ በአማርኛ ተምረው ይመጡና፣ የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንደደነገገው ሁለተኛ ደረጃ ሲገቡ ሁሉም ነገር እንግሊዝኛ ይሆንባቸዋል። ሰሌዳ ላይ «ፎቶሲንተሲስ» ብዬ ስጽፍ ክፍሉ ጭጭ ይላል። ሐሳቡ እኮ አዲስ አይደለም፤ በታችኛው ክፍል «ብርሃን አስተጻምሮ» ብለው ተምረውታል። «ፎቶ» ብርሃን፣ «ሲንተሲስ» ማጣመር ነው። ቃሉን ለሁለት ከፍዬ ከአማርኛው ሥር ስጽፈው፣ የሚያውቁት ነገር መሆኑ ወዲያው ይገባቸዋል። «ሃይድሮ» ውሃ መሆኑን የያዘ ልጅም ኬሚስትሪ ላይ ሃይድሮሊሲስ፣ ጂኦግራፊ ላይ ሃይድሮስፌር ሲገጥመው አይደነግጥም።

ይህን ሥራ የእንግሊዝኛ መምህሩ ዕዳ አድርገን መተዋችን ያንገበግበኛል። እሱ ሃይድሮሊሲስን የሚያነሳበት ክፍለ ጊዜ የለውም። ቃሉ ያለው እኛ ዘንድ ነው።

ረጅም ቃል በድምፅም በትርጉምም ሊነጠል ይችላል። በድምፅ መነጠል ለንባብ ይጠቅማል፤ የእኛን ልጆች ግን ፊደላችን ራሱ ያሳስታቸዋል። «ስክሪፕት»ን በአምስት ፊደል እንጽፈዋለን፤ በእንግሊዝኛ ግን በአንድ ምት የሚወጣ ቃል ነው። ተማሪው አምስቱንም እኩል እየረገጠ ያነበዋል። በእንግሊዝኛ የድምፅ ጫናውም ቦታ ይቀይራል፤ «ፎቶግራፍ» ሲባል የመጀመሪያው ክፍል ይጎላል፣ «ፎቶግራፈር» ሲባል ሁለተኛው። ይህ ጮክ ብሎ በማንበብ እንጂ በሰሌዳ አይገኝም።

ትርጉም ደግሞ የሚቆረጥበት ቦታ ሌላ ነው። «ሄሊኮፕተር»ን ጆሮ «ሄሊ» እና «ኮፕተር» ብሎ ይከፍለዋል። በግሪክኛው ግን «ሄሊኮ» ጠመዝማዛ፣ «ፕተር» ክንፍ ነው። ዝንብ የምትመደብበት «ዲፕቴራ»ም ባለሁለት ክንፍ ማለት ነው፤ አንዱን ያወቀ ልጅ ሌላውን በራሱ ይፈታዋል። ስለዚህ ጊዜ ሲያጥረኝ የማስቀድመው ትርጉሙን ነው። ልጆቹ በአማርኛ ክፍለ ጊዜ «ከቤታችን»ን «ከ»፣ «ቤት»፣ «ኣችን» ብለው መነጠል ስለለመዱ፣ ዘዴው አይከብዳቸውም።

በመጪው የመምህራን ስብሰባ የባዮሎጂ፣ የኬሚስትሪና የጂኦግራፊ መምህራን የጋራ የሥረ ቃላት ዝርዝር እንድናዘጋጅና እያንዳንዱን ምዕራፍ ከዚያ እንድንጀምር ሐሳብ አቀርባለሁ። የእንግሊዝኛ መምህራንም አነባበቡን ቢያግዙን ደስ ይለኛል።