የሕፃናት ሞት ቀንሷል፤ በየትኛው ቤት?

ማታ ከጎንደር ወይም ከአዲስ አበባ ስልክ ሲደወል እስራኤል ያለ ዘመድ ገና ሳያነሣው ልቡ ይደነግጣል። አንዳንዴ ጉዳዩ የታመመ ሕፃን ነው። ሐኪም ቤት ተወስዷል፣ መድኃኒቱ ከውጭ ተገዝቶ ይምጣ ተብሏል፣ ገንዘብ ያስፈልጋል። ገንዘቡ በማግሥቱ ይላካል፣ ልጁም ብዙ ጊዜ ይድናል። በዚያው ሰፈር ግን ባሕር ማዶ ዘመድ የሌለው ጎረቤት አለ። የእርሱ ልጅ በዚያው ሳምንት በዚያው ሳል ቢያዝስ? የጤና ባለሙያዎች ዛሬ በአፍሪካም፣ በእስያም፣ በደቡብ አሜሪካም የሚመረምሩት ጥያቄ ይህ ነው።

መልካሙን ወሬ ማስቀደም ይገባል። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ1990 በዓለም ላይ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሞቱት ሕፃናት ከ12 ሚሊዮን በላይ ነበሩ፤ በ2022 ቁጥሩ ወደ 4.9 ሚሊዮን ወረደ። በኢትዮጵያ በ2000 የተደረገው የሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከ1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስተኛ ዓመታቸውን እንደማያዩ አሳይቶ ነበር። በ2016 ይህ ቁጥር 67፣ በ2019 ደግሞ 59 ሆነ። በገጠር ልጅ ወልደው ያሳደጉ አዛውንት ይህን ለመረዳት ሠንጠረዥ አያሻቸውም። እናት «ስንት ወለዱ?» ተብላ ስትጠየቅ «ስንትስ አደገልዎት?» የሚል ሁለተኛ ጥያቄ ይከተል የነበረበትን ዘመን ያውቁታልና።

ነገር ግን እነዚህ ቁጥሮች አማካይ ናቸው። አማካይ ማለት የአንዱን ጥጋብና የሌላውን ረሃብ ደምሮ ለሁለት ማካፈል ነው፤ ውጤቱ የሁለቱንም ማዕድ አይነግርም። ስለዚህ አጥኚዎች ቤተሰቦችን በሀብት እርከን ይለያሉ። ገበሬን ገቢህ ስንት ነው ብሎ መጠየቅ አያዋጣም፤ ደመወዝ የለውም፣ ያለውን ለማያውቀው ሰው መቁጠርም አይወድም። ጠያቂዎቹ ቤቱን ነው የሚያዩት። ጣራው ቆርቆሮ ነው ሣር? ወለሉ በእበት የተለቀለቀ ነው ወይስ ሲሚንቶ? ውኃው ከቧንቧ ይቀዳል ከምንጭ? ሽንት ቤት፣ ሬዲዮ፣ መብራት፣ ከብት አለ? ከዚያ በመላው አገሪቱ ያሉ ቤተሰቦች ከድሃው እስከ ሀብታሙ እንደተሰለፉ ተቆጥሮ ሰልፉ አምስት ቦታ እኩል ይከፈላል። የመጀመሪያው አምስተኛ ድሃው፣ የመጨረሻው አምስተኛ ሀብታሙ ይባላል።

ሰልፉ በዚህ ሲከፈል ሌላ ሥዕል ይወጣል። በ2016ቱ ዳሰሳ ከኢትዮጵያ ሕፃናት 38 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ፤ ማለትም ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ከሚገባው ያጠረ። በድሃው አምስተኛ 45 በመቶ፣ በሀብታሙ 26 በመቶ። መቀንጨር እንደ ክሳት በዐይን ቶሎ የሚታይ አይደለም፤ ልጁ ይሮጣል፣ ይጫወታል፣ ጎረቤቱም እንደ እርሱ አጭር ስለሆነ ማንም አያስተውለውም። ጉዳቱ በብዛት የሚደርሰው ከፅንስ እስከ ሁለተኛው የልደት ቀን ባለው ጊዜ ነው፤ ከዚያ በኋላ ቢበላም ያመለጠውን ሙሉ በሙሉ አይመልስም። ሌላም ልብ የሚባል ነገር አለ። ሀብታም በተባለው እርከን እንኳ ከአራት ልጆች አንዱ ቀንጭሯል። በዚህ ሰልፍ ሀብታም ማለት ባለ ፎቅ ማለት አይደለም፤ የሲሚንቶ ወለልና ቧንቧ ያለውም እዚያው ውስጥ ይቆጠራል።

በወሊድ ረገድ ልዩነቱ ከዚህ ይብሳል። በዚያው ዳሰሳ በጤና ተቋም የወለዱት እናቶች በአማካይ 26 በመቶ ነበሩ። በድሃው እርከን ከአሥር እናቶች አንዷ ገደማ፣ በሀብታሙ ግን ሰባቱ ገደማ በሠለጠነ አዋላጅ እጅ ወልደዋል። አካባቢም የራሱ ድርሻ አለው፦ መሠረታዊ ክትባቶችን ጨርሰው የወሰዱ ሕፃናት በአዲስ አበባ 89 በመቶ፣ በአፋር 15 በመቶ ነበሩ።

እዚህ ላይ «ወሊድ በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ አይደል እንዴ?» የሚል ይኖራል። ነው። መንገዱ ግን ነፃ አይደለም። ምጥ በሌሊት ይመጣል፤ አምቡላንሱ ሌላ ቀበሌ ሄዷል ወይም ነዳጅ የለውም፤ ሰዎች ተጠርተው ሴቲቱን በቃሬዛ ተሸክመው እስከ መኪና መንገድ ይወስዳሉ። አብሮ የሚሄደው ሰው ይበላል፣ ያድራል። እቤት የቀሩትን ልጆችና ከብቶች የሚጠብቅ ያስፈልጋል። ጤና ጣቢያው ከደረሱ በኋላ መድኃኒት አልቆ ከግል ፋርማሲ ግዙ ሊባሉ ይችላሉ። በ2016ቱ ዳሰሳ ከተጠየቁት ሴቶች ከግማሽ የሚበልጡት ሲታመሙ እንዳይታከሙ ከሚያስቸግራቸው ነገር መካከል ገንዘብን ቆጥረዋል፤ ርቀትንም ግማሽ ያህሉ። እስራኤል ውስጥ በቲፓት ሐላቭ የሚከተብ ሕፃን ያላት ወጣት እናት ከዚህ ዝርዝር አንዱንም ላታውቀው ትችላለች፤ አያቷ ግን ሁሉንም ታውቀዋለች።

ለዚህ ነው ሁሉም አገልግሎት እኩል የማያዳላው። የእናት ጡት ሀብት አይጠይቅም፤ በብዙ አገሮች ሕፃኑ በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት በማስያዝ ረገድ በድሃና በሀብታም መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ነው። በዘመቻ እስከ ደጅ የሚመጣ ክትባትም ልዩነቱን ያጠብባል። ቀንና ሌሊት ክፍት የሆነ ሕንፃ፣ አዋላጅና መብራት የሚጠይቀው ወሊድ ግን በሁሉም ቦታ ለሀብታሙ ያደላል። ኢትዮጵያ ከ2003 ጀምራ በየቀበሌው ሁለት ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን ማሰማራቷ ትክክለኛ አካሄድ ነበር፤ አሥረኛ ክፍል የጨረሱ የአካባቢው ልጆች፣ ዓመት ሠልጥነው፣ ቤት ለቤት የሚዞሩ። በባንግላዴሽም ብራክ የተባለው ድርጅት ከ1980 እስከ 1990 ሴት አስተማሪዎችን ከቤት ቤት እየላከ፣ ተቅማጥ ለያዘው ልጅ ጨውና ስኳር በውኃ መበጥበጥን ከ12 ሚሊዮን በላይ ለሆኑ ቤተሰቦች አስተምሯል። ጨው በቆንጥር፣ ስኳር በእፍኝ እየተለካ፤ የሚገዛ ማንኪያ እንኳ አላስፈለገም።

የአገር ሀብት ብቻውን መፍትሔ አለመሆኑን ለማየት ናይጄሪያ ትበቃለች። ነዳጅ ሻጭ አገር ናት፤ በ2018 በነፍስ ወከፍ ገቢም ከኢትዮጵያ ትበልጥ ነበር። በ2018ቱ ዳሰሳዋ ግን ከ1,000 ሕፃናት 132ቱ ከአምስት ዓመት በፊት ይሞቱ ነበር፤ በሀብታሙ እርከን 53፣ በድሃው 173። በአንድ ሰንደቅ ዓላማ ሥር ሁለት አገር ማለት ነው። ብራዚል ደግሞ ተቃራኒው ምሳሌ ናት። በ1974–75 በድሃው አምስተኛ ከመቶ ሕፃናት 59 ያህሉ የቀነጨሩ ነበሩ፣ በሀብታሙ 12። በ2006–07 በድሃው 11፣ በሀብታሙ 3 ሆነ። በመሐል የእናቶች ትምህርት ጨመረ፣ የድሆች የመግዛት ዐቅም አደገ፣ ንጹሕ ውኃና ፍሳሽ ማስወገጃ ተስፋፋ፣ ከ1994 ወዲህም የቤተሰብ ጤና ቡድኖች ሐኪምና ነርስ ይዘው ወደ ድሃ ሰፈሮች ገቡ። ሠላሳ ዓመት ወስዷል፤ አንድም ተአምር የለበትም።

ሴዛር ቪክቶራ የተባለው ብራዚላዊ ሐኪምና ባልደረቦቹ በ2000 አንድ ነገር ጽፈው ነበር፤ አዲስ ክትባት ወይም ሕክምና ሲመጣ አስቀድሞ የሚደርሰው ብዙም ለማያስፈልገው ለሀብታሙ ልጅ ነው፣ ድሃው የሚደርሰው ሀብታሙ ከጠገበ በኋላ ነው ብለው። አሁን አስጊ የሆነው የዚህ ግልባጭ ነው። አሜሪካ በ2025 መጀመሪያ አብዛኛውን የውጭ ዕርዳታዋን አቆመች፤ ዩኤስኤይድም በሐምሌ 1 ቀን 2025 ሥራውን አበቃ። ለድሃ አገሮች ክትባት በሚያቀርበው ጋቪ ላይም ገንዘቧን እንደምታቆም በዚያው ዓመት አስታውቃ ነበር። ገንዘብ ሲጎድል የሚታጠፈው የከተማው ሆስፒታል አይመስልም። ወደ ሩቅ ቀበሌ የሚሄደው የክትባት ሞተር ብስክሌት ነዳጅ ይቀድማል። በኢትዮጵያ ደግሞ ከላይ የተጠቀሱት ቁጥሮች ሁሉ የተሰበሰቡት የሰሜኑ ጦርነት በኅዳር 2020 ከመጀመሩ በፊት ነው፤ ከዚያ ወዲህ በትግራይ፣ በአማራና በአፋር ብዙ ጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፣ ፈርሰዋል።

ከውጭ የሚላክ ገንዘብ በዚህ ሁሉ መሐል ምን ያደርጋል? አንድን ቤተሰብ ለአንድ ሳምንት ከድሃው እርከን ወደ ሀብታሙ ያወጣዋል። ግን የሚደርሰው ልጁ ከታመመ በኋላ ነው፤ ለእርግዝና ክትትልና ለእንቁላል ተብሎ ስልክ አይደወልም። ኢትዮጵያ በ2011 በ13 ወረዳዎች በሙከራ የጀመረችውና በኋላ ያስፋፋችው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን ይህን ክፍተት ለመዝጋት የታሰበ ነው። ቤተሰቡ በዓመት አንዴ መዋጮ ይከፍላል፣ የጭራሽ ድሃውን መንግሥት ይከፍልለታል፣ ከዚያ ዓመቱን ሙሉ በመታወቂያው ይታከማል። ችግር አለበት፤ ተመዝግቦ ሄዶ መድኃኒት ያጣ ሰው በሚቀጥለው ዓመት አያድስም። ሆኖም ምዝገባው ብዙውን ጊዜ እህል ከተሰበሰበ በኋላ ባሉት ወራት ስለሆነ፣ ልጅ ሲታመም ሮጦ መግባት አይቻልም። እዚህ ያለ ዘመድ በዚያ ወቅት ሲደውል ዘንድሮ መታወቂያው ታድሷል ወይ ብሎ ቢጠይቅ፣ ክረምት ላይ በሌሊት የሚመጣው ስልክ ምናልባት ላይመጣ ይችላል።