አዮዋ ላይ ፈረንጁ እኔ ነኝ

ባለቤቴ ሒሳብ አትረሳም። ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ግንቦት በመጣ ቁጥር ከካርዳችን ላይ ለአዮዋ ስቴት ገንዘብ ሲወጣ እያየች፣ "አጋዘኑስ የታለ?" ትለኛለች። አጋዘን የለም። የገዛሁት ነጥብ ነው።

የምንኖረው ሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል ነው። ወደ ደቡብ ሁለት ሰዓት ያህል ከተነዳ አዮዋ ይገባል። በቆሎና አኩሪ አተር የጠገበው የአዮዋ ነጭ ጅራት አጋዘን በትልቅነቱ ስሙ ስለወጣ በየስቴቱ ያለ አዳኝ ይመኘዋል። ስቴቱ ግን ወንዱንም ሴቷንም ለመምታት የሚያበቃ ፈቃድ ለውጭ ሰው የሚሰጠው በዓመት 6,000 ብቻ ነው፤ እሱንም በዕጣ። ዕጣ ያልወጣለት ነጥብ ይገዛና ለከርሞ ወረፋው ይቀርብለታል። "እቁብ ነው በይው" አልኳት። "እቁብ ሲደርስህ ትቀበላለህ እንጂ ትከፍላለህ እንዴ?" አለችኝ። እውነቷን ነው። ዕጣው ሲወጣ ከ600 ዶላር በላይ ይከፈላል። የአገሬው ሰው ለዚያው አጋዘን 100 ዶላር እንኳ አያወጣም።

ይህን ቡና ላይ ሳነሳ ጓደኞቼ "ዝርፊያ!" ይላሉ። አጋዘን ድንበር አያውቅም፣ ማታ ሚኒሶታ ግጦ ጠዋት አዮዋ ይተኛል፣ የማንን ከብት ነው የሚሸጡልህ? እኔም እንዲሁ እል ነበር። አሁን ግን ክፍያው ተገቢ ነው ባይ ነኝ።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ሞንታና ውስጥ ኤልክ የሚባለውን አጋዘን ለማደን የስቴቱ ነዋሪ 9 ዶላር ሲከፍል የውጭ ሰው 225 ዶላር የሚጠየቅበት ጊዜ ነበር። ክርክሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ እ.ኤ.አ. በ1978 ስቴቱ ረታ። ለውጭው አዳኝ አደን መዝናኛው እንጂ እንጀራው አይደለም ተባለ።

እኔን ያሳመነኝ ግን ፍርድ ቤቱ ሳይሆን የባሌ ተራሮች አጋዘን ነው። የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለም። እሱን ሊያድን የሚመጣ የውጭ ሰው ብዙ ሺህ ዶላር ይከፍላል፤ "ምስኪን፣ በዘበዙት" ብሎ ያዘነለት ሐበሻ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። እንዲያውም ይበለው ነው የምንለው። አዮዋ ላይ ፈረንጁ እኔ ነኝ። (በነገራችን ላይ የእኛው አጋዘንና የአሜሪካው የቅርብ ዘመድ አይደሉም። የእኛው ቀንዱን እንደያዘ ይሞታል፤ የዚህኛው በየዓመቱ ጥሎ አዲስ ያበቅላል። መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ዋላ የተባለው ለዚህኛው ይቀርባል፤ ግን "ዋላ አደን ሄድኩ" ብል ማን ይሰማኛል?)

ደግሞስ የአዮዋን አጋዘን ማን ቀለበው? ከአዮዋ መሬት ከመቶው 97 እጅ ያህሉ የግል ነው። ስለዚህ ስቴቱ የሚሰጠው ወረቀት ግማሽ ፈቃድ ነው፤ ግማሹ ያለው ገበሬው ደጃፍ ላይ ነው። ዘንድሮ ዕጣው ወጣልኝና ነሐሴ ላይ ደጅ ለማንኳኳት ወረድኩ። ጥቁር ሰው፣ የማይታወቅ መኪና፣ ለጆሮ እንግዳ የሆነ አነጋገር። የአዳኝ ልብስ አልለበስኩም፣ ጠመንጃዬን ቤት ተውኩ፣ ልጄንና አንድ ድፎ ዳቦ ይዤ ሄድኩ። ሁለቱ በትሕትና እምቢ አሉ። ሦስተኛው መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ አየኝና መልሶ ዘጋው። አራተኛው፣ ሰባውን ያለፉ ሽማግሌ፣ ዳቦውን ተቀብለው እስከ ማሳው ጠርዝ ወሰዱኝ። በየረድፉ የቀረው ቆረቆንዳ ብቻ ነበር። "ቀንዳሙን ተወው፤ ሴቷን ግደልልኝ" አሉ። ለካስ ከፈቃዴ ጋር በግድ ተደርባ የተሸጠችልኝ የሴት አጋዘን ፈቃድ፣ ስከፍል አብዝቼ ያማረርኩባት፣ ለእሳቸው ከሁሉ የምትበልጠው እሷ ናት።

የቀረኝ ቢላዋ መሳል ነው። አጋዘንን አመንምኖ የሚገድል፣ አንጎልና አከርካሪ ውስጥ የሚከማች በሽታ ስላለ ሚኒሶታ በሌላ ስቴት የተገደለ አጋዘን ሙሉውን እንዲገባ አትፈቅድም። ድንበሩን ሳይሻገር መበለት አለበት። ፈረንጅ አዳኞች ይህ ያስጨንቃቸዋል፤ ቅርጫ ሲካፈል እያየ ላደገ ሰው ግን ምኑ ነው? ናሙናው ለምርመራ ይሰጣል፤ ውጤቱ እስኪመጣ ሥጋው ፍሪዘር ውስጥ ይቆያል። ለዚህ ደግሞ ጾሙ ያግዘናል። የእኔ የሾትገን ወቅት የሚከፈተው በፈረንጆቹ ዲሴምበር የመጀመሪያው ቅዳሜ ነው፤ ጾመ ነቢያት ከገባ በኋላ። እስከ ገና ማንም አይነካውም። ከዚያም ቢሆን ጥሬ ክትፎ የሚያምረው ጓደኛ ካለኝ ቀድሞ ይወቀው፤ እኔ ቤት የሚቀርበው በደንብ የበሰለ ነው። ስብ ስለሌለው ለቋንጣ ግን አቻ የለውም።

ባለፈው ሳምንት ለሽማግሌው ደወልኩና ጭቅናው የእርስዎ ነው አልኳቸው። የአጋዘን ሥጋ አይወዱም። "ያን ዳቦ ግን ድገሙልኝ" አሉ። ለባለቤቴ ስነግራት ዱቄቱን አወረደች።

"እሱንም 600ው ላይ ደምርበት" አለችኝ።