«ስታይልህ የቱ ነው?» ባትሉትስ?

እኛ አገር ሥዕል የሚሞካክር ተማሪ ሁለት ጥያቄ አያጣም። አንደኛው «ይሄ ደግሞ ምንድነው?» የሚለው ነው። ይሄን የሚጠይቁት ዘመድና ጎረቤት ስለሆኑ ብዙም አንቀየምም። ሁለተኛው ግን ከአዋቂዎቹ ነው የሚመጣው። «ሥራህ ጥሩ ነው፤ ግን የራስህ ስታይል የለህም። ዛሬ እንዲህ፣ ነገ እንዲያ! አንዱን ያዝና እሱ ላይ ጠንክር!» ይሉታል።

እስኪ ዛሬ በዚህ በሁለተኛው ላይ እናውራ። እኛ ምክሩ ትክክል አይደለም ባዮች ነን። የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ አንድ ስታይል ይዞ ቁጭ ካለ፣ የሚመስለን መፈለግ ማቆሙ እንጂ የራሱን ማግኘቱ አይደለም።

ማስረጃ ካላችሁ ሩቅ አንሄድም። እስክንድር ቦጎስያንን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1937 አዲስ አበባ ተወለደ፣ በ1955 በመንግሥት ስኮላርሺፕ ለንደን ሄደ፣ ሁለት ዓመት ቆይቶ ወደ ፓሪስ ተሻገረ፣ እዚያም ዘጠኝ ዓመት ገደማ ኖረ። በእነዚያ ዓመታት ያላየውና ያልሞከረው ምን አለ? የፖል ክሌን መስመር አጠና። የኩባዊውን የዊፍሬዶ ላምንና የቺሊያዊውን የሮቤርቶ ማታን ሱሪያሊዝም ተመለከተ። የምዕራብ አፍሪካን ቅርጻ ቅርጽ መረመረ። ከዚህ ሁሉ ጋር የአገሩን የጠልሰም ብራና አልጣለም። እ.ኤ.አ. በ1964 የሳለው «የጁጁ ሠርግ» ዛሬ በኒውዮርክ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ነው። ያን ጊዜ አንድ አዋቂ መጥቶ «አንዱን ያዝ!» ቢለውና ቢሰማው ኖሮ ዛሬ የምናውቀው እስክንድር የሚኖር አይመስለንም።

ገብረክርስቶስ ደስታስ? ሐረር የተወለደ፣ አባቱ አለቃ ደስታ ብራና ላይ ሥዕል የሚሥሉ የቤተ ክህነት ሰው የነበሩ ልጅ ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የጀመረውን ትምህርት አቋርጦ ወደ ሥዕል አደላ። እ.ኤ.አ. ከ1957 እስከ 1961 ጀርመን፣ ኮሎኝ ተማረ። ተመልሶ ረቂቅ ሥዕሎቹን ሲያሳይ «ይሄ የኢትዮጵያ ሥዕል አይደለም» የሚል ወቀሳ ወረደበት። እሱ ግን በ1963 «ጎልጎታ»ን ሳለ። ስቅለት ከቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሁሉ የታወቀው ርእስ ነው፤ የአሣሣሉ መንገድ ግን ከኮሎኝ የመጣ ነው። አያችሁ? ስታይሉ ተለወጠ እንጂ በልጅነቱ ያደገበት ነገር አብሮት ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ሰው እጁን አውጥቶ «ቆይ! እነሱ ፓሪስና ኮሎኝ ደርሰዋል፤ ገሰራ ያለ ተማሪስ?» ቢለን ተገቢ ጥያቄ ነው። ከሮቤ ተነስታችሁ የባሌን የስንዴና የገብስ ማሳ እያቋረጣችሁ የምትደርሱባት ገሰራ ሙዚየም አይታሰብባትም። ሸራና የዘይት ቀለም መግዛትም ለተማሪ ኪስ ቀልድ አይደለም። የሥዕል ክፍለ ጊዜ ሲባል የሒሳብ ማካካሻ ሆኖ ያለፈብን ስንቶቻችን ነን? አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም የከፈቱት፣ ዛሬም በስማቸው የሚጠራው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ያለው አዲስ አበባ ነው። ይሄን ሁሉ እናውቃለን። ቢሆንም ሐሳብ ማዳበር ከተማ አይመርጥም፤ ይልቅ ዘዴ ይፈልጋል።

ዘዴውን በምሳሌ እናስቀምጠው። ተማሪያችን ፈረስ ይያዝ እንበል። ባሌ ላይ ፈረስ ጭነት ነው፣ መንገድ ነው፣ የሠርግ ጌጥ ነው፤ ስለዚህ ሞዴል ፍለጋ አይቸገርም።

በመጀመሪያው ሳምንት ገበያ ወጥቶ በከሰል ወይም በእርሳስ ይሣል። ፈረስ አይቆምለትም፤ ስለዚህ እጁ መፍጠን ይማራል። በሁለተኛው እንደ ቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ይሞክር፦ ትላልቅ ዓይን፣ ጥቁር ዙሪያ መስመር፣ ጥላ የሌለው ደማቅ ቀለም። በሦስተኛው ቀለሙን ሁሉ ትቶ መስመር ብቻ፤ እግር ባይኖረውም የሚሮጥ ፈረስ ይሆናል ወይ ብሎ ይፈትን። በአራተኛው የማዳበሪያ ጆንያና ቁራጭ ጨርቅ ቆርጦ ይለጥፍ። በዚህ እንዳያፍር! ዘሪሁን የትምጌታ የሸማኔ ዕቃ የሚሠራበትን የቀርከሃ ስንጥቅ ጎን ለጎን አያይዞ እየሣለበት ነው እ.ኤ.አ. በ1992 የዳካር ቢዬናሌ ሽልማት ድረስ የሄደው። በአምስተኛው ሳምንት ደግሞ ፈረሱን ጭራሽ አያሳየን፤ ኮርቻውንና አቧራውን ብቻ።

ከዚያ አምስቱንም ግድግዳ ላይ ጎን ለጎን ይለጥፋቸውና ይያቸው። ዋናው ሥራ እዚህ ነው! «የቱ ያምራል?» ብሎ አይጠይቅ። «በአምስቱም ውስጥ ሳላስበው የደጋገምኩት ምንድነው?» ይበል። ምናልባት በሁሉም ላይ የፈረሱ አንገት ወደ መሬት ያዘነበለ ይሆናል። ለካ ልጁ ሲሥል የከረመው ድካምን ነው! ፈረስ ብቻ መስሎት ነበር። አሁን ሐሳብ አገኘ። ነገ ድካምን በአህያ፣ ውሃ ቀድታ በምትመለስ እናት፣ ማሳው አጠገብ በቆመ ኮምባይነር ሊሥለው ይችላል። ስታይሉም ያንን ሐሳብ የተሻለ የሚናገርለትን እየመረጠ በጊዜው ይመጣል።

እርግጥ ዝም ብሎ መዝለልና መፈለግ አንድ አይደሉም። ሰኞ ኩቢዝም፣ ማክሰኞ የጃፓን ካርቱን፣ ረቡዕ ደግሞ ሌላ፣ ከአንዱም ምንም ሳይዙ ማለፍ አለ። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ስታይሉን ስትለውጥ ርእሱን አትለውጥ። ደብተር ያዝ፣ ቀን ጻፍ፣ ከሥር አንድ ዐረፍተ ነገር አስፍር። «ዛሬ ጥላውን የተውኩት ለምንድነው?» ለሚለው መልስ ከሌለህ ገና አልጨረስክም።

ኩረጃስ? የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ደቀ መዛሙርት የመምህራቸውን ሥራ እየቀዱ ነው ያደጉት። መቅዳት ነውር የሚሆነው ሲደበቅ ነው። ከሥዕሉ ጀርባ «ከእስክንድር ለመማር የሠራሁት» ብሎ የጻፈ ተማሪ ማንንም አልሰረቀም።

አሁን ወደሚያሳስበን ነገር እንምጣ። ዛሬ ብዙ ጎበዝ ልጆች ከፎቶ ላይ የሰው ፊት በእርሳስ እየቀዱ ይሸጣሉ። አንንቅም! የደብተርና የትራንስፖርት ገንዘብ ነው። ግን ደንበኛውም፣ ስልክ ላይ «ላይክ» የሚያደርገውም የሚፈልገው ያንኑ ነው፤ «ቁርጥ እሱን!» የሚባልለትን። ልጁ አዲስ ነገር ሲሞክር ዝምታ ይጠብቀዋል። በአሥራ ስምንት ዓመቱ የተጨበጨበለትን በሠላሳው ሲደግም የሚገኘው እንዲህ ነው። «ስታይልህን ያዝ» የሚለው ምክር ከዚህ ገበያ ጋር ሲጋጠም ልጁን መውጫ ያሳጣዋል።

ወላጆች «ሥዕል እንጀራ አይሆንም» ሲሉ ሐሰት ነው አንልም፤ ስጋታቸው ይገባናል። አፈወርቅ ተክሌም ከአገር የተላከው የማዕድን ምህንድስና እንዲማር ነበር። እሱ ግን ስኮላርሺፕ ነበረው፤ የገሰራው ልጅ የለውም። ስለዚህ «ሁሉን ትተህ ሣል» ብለን አንመክርም። ፈተናውን ይፈተን፣ ትምህርቱን ይማር፤ በሳምንት ሁለት ማታ ግን ለደብተሩ ይተውለት። ያቺን ሁለት ማታ የማይከለክል ቤተሰብ ብዙ አድርጓል።

እኛስ? እኛም ማድረግ የምንችለው አለ። ከአዲስ አበባ ወደ ባሌ የሚሄድ ካለ የኤግዚቢሽን ካታሎግ፣ ያለቀ የማይመስል የቀለም ቲዩብ ይዞ ይሂድ። አስተማሪ የሆናችሁ ያቺን የሥዕል ክፍለ ጊዜ ለሒሳብ አታውሷት። ሥዕል የሚሞክር ልጅ ስታገኙም «ስታይልህ የቱ ነው?» አትበሉት። «ባለፈው ካሳየኸኝ ወዲህ ምን ሞከርክ?» በሉት፤ መልሱንም ቁጭ ብላችሁ ስሙት።

አንተም/አንቺም የገሰራው ተማሪ፣ ይሄን ካነበብክ/ሽ ፈረሱን ነገ ገበያ ላይ ጀምሩት። አምስቱንም ስትጨርሱ አሳዩን።

ቸር እንሰንብት!