ከበረዶው በታች የተደበቀው ሙቀት

ባለፈው ሳምንት ከፒያሳ ወደ መርካቶ ስንወርድ፥ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ካለች አንዲት ጭማቂ ቤት ጎራ ብለን ስፕሪስ አዘዝን። አሳላፊዋ ፓፓያውን፥ ማንጎውንና አቮካዶውን እንደ ተነባበረ አምጥታ፥ ማንኪያውን እያቀበለችን «ላማስለው ወይስ እንዲሁ ይሻላል?» ስትል ጠየቀችን። ይህን የምናነሣው ስለ ፍራፍሬ ለመጻፍ አስበን አይደለም። የባሕር ሊቃውንት ዛሬ ስለ ሰሜን ዋልታ የሚያነሡት ጥያቄ ከልጅቱ ጥያቄ ጋር የሚመሳሰል ሆኖ ስላገኘነው ነው፤ ይኸውም ተነባብሮ የኖረው ውሃ ሲማሰል ምን ይከተላል የሚል ነው።

እንደሚታወቀው ሙቅ ውሃ ቀላል ስለ ሆነ ወደ ላይ ይወጣል፤ ቀዝቃዛው ይወርዳል። በሰሜን ዋልታ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የኖርዌዩ ሊቅ ፍሪትዮፍ ናንሰን እ.ኤ.አ. ከ1893 እስከ 1896 ድረስ በተደረገው ጉዞ «ፍራም» በተባለችው መርከብ ከበረዶው ጋር እየተንሳፈፈ ሳለ፥ ከቀዝቃዛው የላይኛው ውሃ ሥር ሙቀቱ ከዜሮ ዲግሪ በላይ የሆነ ውሃ አገኘ። ይህ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ የሚገባ ውሃ ነው። ወደ ላይ ወጥቶ በረዶውን እንዳያቀልጥ የያዘው ጨው ነው፤ ጨው ስለሚበዛበት ሙቅ ሆኖ ሳለ ከላይኛው ይከብዳል። የላይኛውን ውሃ ደግሞ የሳይቤሪያና የካናዳ ታላላቅ ወንዞች ጨውነቱን ያቀጥኑታል። ታች የተከማቸው ሙቀት በሙሉ ቢወጣ በላይ ያለውን በረዶ ሁሉ ለማቅለጥ ይበቃል።

ሁለቱ ውሆች በሚገናኙበት ቦታ የሚደረገው ነገር ያስደንቃል። በትኩስ ሾርባ ውስጥ የብረት ማንኪያ ብንተው ሙቀቱ እስከ እጃችን ይደርሳል፤ ጨው ግን እዚያው ይቀራል። በባሕርም ውስጥ፥ ውሃው ካልተማሰለ፥ ሙቀት ከጨው መቶ ጊዜ ያህል ፈጥኖ ይተላለፋል። ሙቀቱ ድንበሩን ሲያልፍ ከላይና ከታች ያለው ውሃ በየራሱ ንብርብር ውስጥ ይዞራል፤ ጨው ግን ወደ ኋላ ስለሚቀር ድንበሩ አይፈርስም። በዚህ ምክንያት ባሕሩ እንደ ቤት ደረጃ እርከን እርከን ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1969 ተመራማሪዎች በተንሳፋፊ የበረዶ ደሴት ላይ ሆነው ይህን ደረጃ ለክተው አሳወቁ። በካናዳ በኩል እያንዳንዱ እርከን ጥቂት ሜትር ብቻ የሚወፍር ሲሆን ወደ ጎን ግን በመቶ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ይዘልቃል። በእርከኖቹ አልፎ የሚወጣው ሙቀት በካሬ ሜትር ግማሽ ዋት እንኳ አይሞላም።

ከሳይቤሪያ በስተሰሜን ግን ጥበቃው እየላላ መጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2007 እና በ2008 በብርዱ ወራት ከሥር ይወጣ የነበረው ሙቀት በካሬ ሜትር ከ3 እስከ 4 ዋት ነበር፤ ከ2016 እስከ 2018 ባለው ጊዜ ከ10 ዋት በላይ ሆኗል። በረዶው ሲሳሳ ነፋስ ውሃውን ያማስለዋል፤ ሲማሰል ሙቀቱ ይወጣል፤ ሙቀቱ ሲወጣ በረዶው የባሰ ይሳሳል። በ1980ዎቹ በመስከረም ወር 7 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የነበረው በረዶ በ2012 ወደ 3.4 ሚሊዮን ወርዶ ታይቷል። እርግጥ ነው፥ የዚህ ዋናው ምክንያት የአየሩ መሞቅና የፀሐይ ጨረር ነው። የታችኛው ሙቀት አንድ ቀን በድንገት ገንፍሎ ይወጣል የሚሉትን ወሬኞች እኛ አንቀበልም፤ ደረጃው ባልፈረሰበት ቦታ ሙቀቱ የሚወጣው በጠብታ ነውና።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ ነው የሚለን አንባቢ አይጠፋም። ነገር ግን በቀይ ባሕር፥ በሱዳንና በሳውዲ ዐረቢያ መካከል፥ ከ2,000 ሜትር በላይ በሚጠልቅ ጎድጓዳ ሥፍራ ከ60 ዲግሪ በላይ የሚሞቅ ውሃ በጨው ክብደት ተይዞ ይኖራል፤ እዚያም ውሃው እርከን ሠርቷል። ባሕር ሙቀቱን የት እንደሚያስቀምጥ ማወቅ ለገበሬያችንም የሚተርፍ ጉዳይ ነው። በ2007 ዓ.ም. ክረምት የፓሲፊክ ውቅያኖስ ገጽ በኤል ኒኞ ምክንያት ሲሞቅ ዝናባችን አነሰ፤ በተከታዩ ዓመት 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ የምግብ እርዳታ ያስፈልገዋል ተባለ።

የዋልታውን ደረጃ የሚለኩት መሣሪያዎች እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ከበረዶው ላይ በገመድ እየተንጠለጠሉ እስከ 750 ሜትር ያህል ይወርዳሉ፥ ይወጣሉ፤ ያገኙትንም በሳተላይት ይልካሉ። መንጠልጠያ የሚሆነው ጠንካራ በረዶ እየቀነሰ ስለ ሄደ ግን፥ ኋላ የተሠሩት በረዶው ሲቀልጥ በባዶ ውሃ ላይ እንዲንሳፈፉ ተደርገዋል።